መሪጌታ ያረሙት ቀን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰባታሚት ሰፈር ጎረቤቶቼ «ለመሆኑ ኮሌጅ ውስጥ ሥራሽ ምን ነበር?» ይሉኛል። «ኮምፒውተር ላይ ነበርሁ» ስላቸው የተበላሸ ስልካቸውን አውጥተው ይሰጡኛል። ስልክ አልጠግንም። ኮምፒውተርም ቢሆን ሆዱን ከፍቶ ሽቦ የሚቀጥለው ሌላ ባለሙያ ነበር። የእኔ ሥራ ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ ከዚያም ሰው የሚፈልጋቸውን ፕሮግራሞች ማስገባት፣ አንገባም ሲሉ ደግሞ ለምን እንዳሉ ማወቅ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራዬን የበላሁት «አልጫንም» በሚል መልእክት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መልእክቱ አንድም ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም።

ሥራ የጀመርሁት ግን በጽሕፈት መኪና ነው። ከከተማችን ፋብሪካዎች በአንዱ ታይፒስት ነበርሁ። መኪኖቹን የሚጠግኑልን ጋሽ ሞላ የሚባሉ ቀጭን፣ አጠር ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ኮሌጁ የኮምፒውተር ክፍል ሲያቋቁም እሳቸውን ወሰደ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን አስወሰዱኝ። ለምን እንደመረጡኝ ቆይቼ ብጠይቃቸው፦

«አንቺ ፊደል ስትስቺ ትደነግጫለሽ። ሌሎቹ ይስቃሉ። የሚደነግጥ ሰው ይማራል» አሉኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጥቶኛል፤ ከዚያች ቃል የበለጠ ያኮራኝ የለም።

ኮሌጁ ያገኛቸው ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ሌላ ቦታ አገልግለው የደከሙ የእርዳታ ዕቃዎች ነበሩ። በየፍላሹ የሚመጣው ቫይረስ ሳምንት ሳይሞላ ይጥላቸዋል። ጋሽ ሞላ አዲስ አበባ ለስልጠና ሄደው ሲመለሱ ሊኑክስን በሲዲ ይዘውልን መጡ። «ነጻ ነው፤ ለደካማ ማሽንም ይራራል» አሉ። መራራቱን ይራራል፤ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይመጣም፤ እንደ ሙሽራ ሚዜዎቹን አስከትሎ ነው። ከሚዜዎቹ አንዱ የቀረ እንደሆነ ሙሽራው በር ላይ ቆሞ አልገባም ይላል። ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ሠላሳ አርባ መስመር እንግሊዝኛ ይወርዳል፤ ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ደንግጦ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያነባል።

ጋሽ ሞላ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ማጣመር ነበር። ኪቦርዱን እንዳይነኩ ራሳቸውን ማሰራቸው ነው። እንደዚያ ቆመው ከላይኛው መስመር ጀምረው ጮክ ብለው ያነባሉ። ሲጨርሱ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ያወርዱና የመጀመሪያውን የስሕተት መስመር ባለ ካሬ ደብተራቸው ላይ ቃል በቃል ይገለብጣሉ። እኛ ወጣቶቹ «ኧረ ጋሼ፣ ፎቶ እናንሳው» ስንል አይሰሙንም። የገለበጠ ሰው ሳያነብ አያልፍም ባይ ናቸው።

አንድ ቀን የመጨረሻውን መስመር ይዤ ስሟገት አዩኝና እንዲህ አሉኝ፦

«እማዋይሽ፣ ለቅሶ ቤት ስትደርሺ መጀመሪያ የምትሰሚው የሚጮኸውን ነው። የሚጮኸው ግን የሞተው አይደለም። የሞተው ውስጥ ነው ያለው፤ ዝም ብሏል። አንቺ ከሚጮኸው ጋር ነው የምትጨቃጨቂ።»

ይኸን ምክር በቃሌ ያዝሁት እንጂ በልቤ አልያዝሁትም ነበር። ዱርቤቴ ለአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ኮምፒውተር እንዳዘጋጅ ብቻዬን ተላክሁ። ሁሉም ማሽን ፕሮግራም አልቀበልም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ የመጨረሻውን መስመር እያነበብሁ፣ እያጠፋሁና እየጫንሁ ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወልሁላቸው። «ከላይ አንብቢልኝ» አሉ። ማንበብ ጀመርሁ። አምስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምሁ፤ «በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ይላል። ማሽኖቹ ሲመጡ በአሮጌ ፋይል ተሞልተው ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ጋሽ ሞላ።

«አገኘሁት፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ቦታ ስጫቸው፤ ሰው እንኳ ቦታ ካጣ አይገባም» ብለው ስልኩን ዘጉ። ለማንም ሳይናገሩብኝ መቅረታቸውን ዛሬም አመሰግናለሁ።

አለቆቼም ብዙ ነበሩ። አንዱ የክፍል ኃላፊ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም ነበር፤ ፕሮግራም መጫን ጀምሮ አንድ ደቂቃ ከቆየባቸው ሌላ መስኮት ከፍተው እንደገና ያዝዙታል፤ ከዚያ ሦስተኛ። ማሽኑ «ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፣ በሩን ቆልፌያለሁ» ሲላቸው የቁልፍ ፋይሉን ሰርዘው ይገባሉ፤ ሁለት ጭነት እርስ በርሱ ተደባልቆ ሁሉም ይበላሻል። በሳምንት ሁለት ጊዜ እሳቸውን አስተካክል ነበር። ሌላዋ አለቃዬ ደግሞ የማያውቁትን አላውቅም የሚሉ፣ ከጎኔ ወንበር ስበው ተቀምጠው የሚማሩ ሴት ነበሩ፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ዘመኔን ያቀለሉልኝ እሳቸው ናቸው። የደሞዙና የእድገት ፎርሙ ነገር የሁሉም መንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ስለሆነ እዘለዋለሁ።

ጋሽ ሞላ ጡረታ ወጥተው መራዊ ወዳለው መሬታቸው ሲገቡ ወንበራቸውን ለእኔ ተዉልኝ። በመጨረሻው ቀናቸው አንድ ነገር አስማሉኝ። የሰው ማሽን ከማጥፋቴ በፊት የቀዳሁትን ፋይል ባለቤቱ ፊት ከፍቼ ላሳይ። «አንቺ ብታዪው ዋጋ የለውም፤ የራሱን ነገር የሚያውቀው ባለቤቱ ነው» አሉኝ። ለዓመታት መሐላዬን ጠበቅሁ። ያፈረስሁት ጡረታዬ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

መሪጌታ ይባቤ በከተማችን ካሉት አድባራት በአንዱ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፤ የበዓላቱንና የአጽዋማቱን ቀን ቆጥረው የሚያወጡ ሊቅ ናቸው። ቅኔ የተማሩት ጣና ላይ፣ ሴት በማትገባባት አንዲት ደሴት ከሚኖሩ አረጋዊ መነኩሴ ነው። እኚህ የኔታ ከእሳቸው በፊት የነበሩ መምህራን የተቀኟቸውን፣ ብራና ላይ ያልሰፈሩ ቅኔዎች በቃላቸው ይዘዋል። መሪጌታ በጀልባ እየተመላለሱ ከየኔታ አፍ እየሰሙ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይጽፏቸው ነበር። ላፕቶፗን በሊኑክስ ያዘጋጀሁላቸው፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያውን የጫንሁላቸው እኔ ነኝ። ስድሳ ቅኔ ሲሞላላቸው አምጥተውልኝ የቢሮዬ ዲስክ ላይ አንድ ቅጂ አስቀርቼላቸው ነበር።

ዓመት አልፎ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ። ላፕቶፗ በነጠላ ተጠቅልላለች።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ እማዋይሽ? ቅኔው መቶ አሥራ ሦስት ደርሷል። እንግዲህ በመጽሐፍ መልክ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ጫኑልኝ፤ የኔታ በሕይወት ሳሉ በእጃቸው እንዲዳስሱት ነው የምፈልገው። ዓይናቸው ደክሟል።»

ኢንተርኔታችን ስለሚቆራረጥ ፕሮግራሞቹን ሁሉ ቢሮአችን ውስጥ ባለ ማከማቻ አስቀምጠን ከዚያ ነበር የምንጭነው። አዘዝሁት፤ አልጫንም አለ። ደገምሁት፤ እምቢ አለ። ረጅም መልእክት ወረደ፤ የመጨረሻውን መስመር አየሁ፤ ማከማቻውን መጠቀም እንደማይችል ይናገራል። ሌሎች ማሽኖች ከዚያው ማከማቻ ጠዋት ጭነው ነበር። ስለዚህ የላፕቶፗ ሥርዓት ተበላሽቷል ብዬ ፈረድሁ። ዕቃዬን በካርቶን እያሰርሁ ነበር፤ ልቤ ቤቴ ገብቷል። ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ምን ያነባል!

«አጥፍቼ እንደገና ብጭነው ይሻላል፣ መሪጌታ።»

«ጽሑፉስ?»

«እቀዳዋለሁ፤ አይስጉ።»

«እርስዎ ካሉ» ብለው ወደ ደብራቸው ሄዱ። ያችን «እርስዎ ካሉ» እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ጊዜ ለመቆጠብ ዲስኩ ላይ ካለው ቅጂ የበለጠ አዲስ የሆነውን ፋይል ብቻ ውሰድ የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። በቅጽበት አለቀ። መፍጠኑ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ባለቤቱ በሌሉበት፣ ሳልከፍት፣ ሳላይ አጠፋኋት። አዲስ ሊኑክስ ጫንሁ። ፕሮግራሙን አዘዝሁ።

ያው መልእክት መጣ፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም።

ያን ጊዜ ነው እጄን ወደ ኋላ ያጣመርሁት። ከላይኛው መስመር ጀምሬ አነበብሁ። የማከማቻው ማረጋገጫ፣ ማለት ቀን የተጻፈበት ማኅተሙ፣ ገና አልጸናም፣ የሚጸናው ከሰባት ዓመት ከምናምን ወር በኋላ ነው ይላል። ሰዓቱን አየሁ። ላፕቶፗ የያዘችው የእኛን ዓመተ ምሕረት ነበር። ኮምፒውተር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያስበው፤ የእኛን ቁጥር ስትሰጡት ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቆማል። ትናንት የተዘጋጀ ማረጋገጫ ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ቀኑ የሚቀመጠው ባጠፋሁት ዲስኳ ላይ ሳይሆን ማሽኗ ውስጥ ባለ ሰዓት ላይ ስለሆነ ማጥፋቴም አላስተካከለውም። መፍትሔው ቀኑን ማረም ብቻ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዲስኬ ላይ ያለው ቅጂ በፈረንጁ ቀን የተቀዳ ነው። መሪጌታ ቀኑን ከለወጡ በኋላ የጻፉት ሁሉ ደግሞ የሰባት ዓመት ዕድሜ ያለው አሮጌ ፋይል መስሎ ይታያል። አዲሱን ብቻ ውሰድ ብዬው ነበር፤ አሮጌ ነው ብሎ ትቶታል። ቅጂውን ከፈትሁ። ስድሳኛው ቅኔ ላይ ያልቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመው እንኳ አልነበረኝም።

መሪጌታ እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አንድም አላስቀረሁም፤ ሁሉን ነገርኋቸው። ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ቀኑን የለወጥሁት መስከረም አንድ ቀን ነው» አሉ። «ከፍቼ ሳያት ዘመኑን ስታዋለች። ባሕረ ሐሳብ መምህር ሆኜ የተሳሳተ ዘመን ፊቴ ተጽፎ እያየሁ ዝም ልበል? አረምኋት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ መሪጌታ። መልእክቱ ነግሮኝ ነበር።»

«ስንት ሄደ?»

«ሃምሳ ሦስት።»

ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። «አርባ ሁለቱ በቃሌ አሉ» አሉ በመጨረሻ። «አሥራ አንዱ የሉም። ክረምት ላይ አሞኝ ስለነበር እየሰማሁ ዝም ብዬ ጻፍሁ እንጂ አላጠናኋቸውም። ማሽኗ ትይዝልኛለች ብዬ ቃሌን አሰነፍሁት።» አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ቀን የጠፋ ፋይል የሚፈልጉ ፕሮግራሞችን ሁሉ ሞከርሁ። አዲሱ ጭነት በላዩ ስለተጻፈበት የተበጣጠሰ ፊደል እንጂ ሌላ አልወጣም። በአምስተኛው ቀን መራዊ ሄድሁ። ጋሽ ሞላ በመስኖ የሚያለሙት የሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነበሩ። እዚያው ቆመን ነገርኋቸው።

«ባለቤቱ ፊት ከፍተሽ አሳየሽ?» አሉኝ።

«አላሳየሁም።»

ጎንበስ ብለው ውሃውን ወደ ሌላ ትልም መለሱ። መሐላዬን ከዚያ በላይ አላነሱብኝም። «አሥራ አንዱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት አለ?»

«የኔታ አሉ፤ ግን ከሰማንያ አልፈዋል። ደሴቷም ሴት አታስገባም።»

«እንግዲህ በሰው ራስ ውስጥ ያለ ነገር አልጠፋም። እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ እንጂ!» ብለው ወደ አስፋልቱ ሸኙኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቁጣ ጠቅሞኝ አያውቅም።

የቀረችኝን የሥራ ሳምንት መሪጌታ ቢሮዬ እየመጡ አርባ ሁለቱን በቃል አሉልኝ፤ እኔ ጻፍሁ። ሽኝቴ በተደረገ ማግስት ለአሥራ አንዱ ብቻቸውን ወደ ደሴቷ ሄዱ። ሳይመሽ በዚያው ዕለት ከሰዓት ላፕቶፗን እንደ ተጠቀለለች ይዘው ተመለሱ።

«የኔታ እምቢ አሉኝ። ‹ያጠፋችው ራሷ መጥታ ትጻፈው› አሉ።»

«እኔ እንዴት እገባለሁ?»

«እስከ ወደቡ ሴት ይፈቀድላታል። እሳቸው ይወርዳሉ።»

የኔታ ወደ ውሃው ከወረዱ ዘጠኝ ዓመት እንደሆናቸው መሪጌታ ነገሩኝ። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ቢገሥጹኝም ልክ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባችን ስትጠጋ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ በአንድ መነኩሴ ተይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራቸው እየፈተኑ ነው የሚወርዱ። እዚህ ድረስ ያመጣኋቸው እኔ መሆኔን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ወደቡ ዳር ካለች ሾላ ሥር ተቀመጡ። መስቀል ተሳለምሁ።

«ያጠፋሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«ምን አድርገሽ አጠፋሽው?»

«ሳላነብ ነው፣ የኔታ። የመጨረሻውን ብቻ አይቼ ፈረድሁ።»

«አይዞሽ። እኛም ቤት ሳያነብ የሚተረጉም ሞልቷል» አሉና ወደ መሪጌታ ፊታቸውን አዞሩ፤ መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «በይ ጻፊ።»

አንዱን ቅኔ ሁለት ጊዜ ይሉታል፤ እጽፋለሁ፤ ጮክ ብዬ መልሼ አነባለሁ፤ መሪጌታ ያርሙኛል። ግእዙን አላውቀውም፤ ፊደሉን ብቻ ነበር የምከተል። አንዳንዱን ሲጨርሱ «ይኸ መምህሬ በጥምቀት የተቀኙት ነው» ይሉና ፊታቸው ይበራል። ሰባት ሆነ። ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥረኛውን ጀመሩና መሐል ላይ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመልሰው ጀመሩ፤ እዚያው ቆሙ። መቁጠሪያቸውን አንድ አንድ እያሉ ቆጠሩ። አሥራ አንደኛውም አልመጣም።

«ክረምት ላይ ነበረኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን የለም።»

እኔ አለቀስሁ። ሁለት ቅኔ፣ ስንት መምህር አልፎበት እስከዚያ ክረምት የደረሰ፣ በእኔ ችኮላ ከምድር ጠፋ። ይቅር ይበሉኝ ማለት እንኳ አፈርሁ።

«አታልቅሺ። የሁለቱን ቦታ ባዶ ተይው። አንባቢው መጉደሉን ይወቅ» አሉ። ባዶ ተውሁት። ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ቀዳሁ፤ ዓይናቸው ስለማያይ ከሁለቱም ከፍቼ የመጀመሪያና የመጨረሻውን ቅኔ አነበብሁላቸው። ጨረስን ብዬ ላፕቶፗን ልከድን ስል መቋሚያቸውን አነሡ።

«የጸሐፊው ስም የታለ?»

በብራና መጻሕፍት መጨረሻ የጸሐፊው ስም ይሰፍራል፤ ያነበበ ሁሉ እንዲጸልይለት ነው። መሪጌታ «እኔ ቤቴ እጨምረዋለሁ፣ የኔታ» አሉ።

«አንተ ሰብሳቢ ነህ። ሰብሳቢ ብለህ ጻፍ። እኔ የምጠይቀው ስለ ጸሐፊው ነው። ልጄ፣ ስመ ክርስትናሽ ማን ነው?»

«የኔታ፣ እኔ እኮ ነኝ ያጠፋሁት።»

«በመጽሐፍ መጨረሻ ያጠፋ ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ የለንም። የጻፈው ስም ነው የሚጻፍ። ማን ነው ስምሽ?»

«ወለተ ሥላሴ።»

«ጻፊው።»

በንጉሡ ዘመን ከተገዛው የፋብሪካው የጽሕፈት መኪና ጀምሮ የሰው ደብዳቤ፣ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው መጽሐፍ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ የራሴን ስም ግን ሥራ ላይ አስፍሬ አላውቅም ነበር። ጻፍሁት።

«ጻፍሽ?»

«ጻፍሁ፣ የኔታ።»

«አንብቢልኝ» አሉኝ። ስሜን ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው።